የአልፊያ ሽማግሌዎችና የክብሪቱ ሽታ

ውድ ወንድሜ ረሻድ፣

እንዴት ሰነበትክ? እዚህ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። በዝናብ ፍራሽ የሚገዛ የለም፤ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። በስልክ ያልነገርኩህን ነገር ልጽፍልህ ነው። ስደውልልህ ነኢማ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ ታውቃት የለ፣ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "በልተሃል? ከስተሃል አሉ፣ ማን ነው የሚያበስልልህ?" እያለች ወሬውን ትጨርሰዋለች። ይህን ደግሞ እሷ ፊት ላወራው አልችልም። ስጨርስ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አልተሻሻለም፤ ቻለው።

ለልጄ ለአልፊያ ሽማግሌ እንደሚመጣ ነግሬህ ነበር። መጥተው ሄደዋል። "እንዴት ሆነ?" ስትለኝ "ደህና ነው" ብዬ ዘጋሁት። ደህና አልነበረም።

ፈሀድን አታውቀው ይሆናል፤ አንተ ጀርመን ከሄድክ በኋላ ነው ከሱቃችን ፊት ለፊት ሞባይልና ቴሌቪዥን መጠገን የጀመረው። እናቱን ግን ታውቃታለህ። ዙቤዳ ናት፣ ከማዞሪያው ወረድ ብላ ጨርቅ የምትሸጠው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ለደንበኛ እንኳ የማትስቅ ሴት። ፈሀድ ዝምተኛ ልጅ ነው። አልፊያ ቤቴል ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ስልኳ በየሳምንቱ መበላሸት ሲጀምር ነገሩ ገባኝ።

ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን እንደሰማን ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ነኢማ "ኒካሁ እስኪታሰር አንድ ቃል እንዳይወጣ" አለች። አልፊያ "በሽታዬን ሳያውቁ አላገባም" አለች። እኔ መሃል ቆምኩ። መሃል የቆመን ሰው ሁለቱም ወገን ይቆጣዋል።

"እማ፣ አንድ ቀን ቤታቸው ብወድቅባቸውስ?"

"ኪኒንሽን በሰዓቱ ከዋጥሽ አትወድቂም።"

"ባለፈው ውጬ ነው የወደቅኩት።"

"ባለፈው ጾመሽ ነበር።"

"ሐኪሙ አትጹሚ ሲለኝ ጹሚ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ!"

"እኔ? እኔ በሰው ፊት አትብዪ ነው ያልኩሽ። ሰው ለምን አትጾምም ብሎ እንዳይጠይቅ።"

"የምሠራው ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው ጋር ነው። የት ሄጄ ልብላ?"

ነኢማ ክርክር ሲጠናባት ሳህን ማጠብ ትጀምራለች። ጀመረች።

አትፍረድባት። የአክስቷን ልጅ ታሪክ ሰምተሃል። ባሏ ቤት አንድ ጊዜ ወደቀች፤ በማግስቱ ሳህንና ኩባያዋን ለዩባት፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አባቷ ቤት መለሷት። ነኢማ ያኔ ልጅ ነበረች። የተለየውን ሳህን እንድታጥብ የሚያዟት እሷን ነበር። አልፊያ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የወደቀች ቀንም መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የውጭውን በር መዝጋት ነው። ልጅቷን ያነሳሃት አንተ ነህ።

የምታጠናውን ትምህርት ለአልፊያ ብለህ እንደያዝከው ነኢማ ለሰው ሁሉ ታወራለች። አንተ ስትሰማ ትቆጣለህ። "እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ መድኃኒት አልሠራም፣ ባዶ ተስፋ አትስጧት" ትላለህ። ልክ ነህ። ግን ባለፈው ዓመት ስትመጣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ያደረግኸው ነገር ለዚህ ሁሉ መነሻ ሆኗልና ላስታውስህ።

የጠየቀችህ አልፊያ ነበረች። "አጎቴ፣ ስወድቅ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ከውጭ ምን እንደምመስል ነው የሚነግረኝ።"

መልስ ሳትሰጣት ከመደርደሪያው ረጅም ስፖንጅ አወረድክ። መሃሉን በመቀስ ቆርጠህ ጣልከው፤ ግራና ቀኙ ቀረ። የሁለቱንም መሃል ቆርጠህ ጣልክ። ከተረፉትም እንደገና መሃል መሃላቸውን።

"ኧረ ሰውዬ፣ እሱ እኮ ለትራስ የተለካ ነው!" አልኩህ።

"ጋሼ ታገሥ፣ ለሳይንስ ነው።"

"ሳይንስ የራሱን ስፖንጅ ይግዛ።"

አልፊያ ሳቀች። አንተ ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ እንደነበረበት ቦታ ደረደርከው። ትንንሾቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በጥንዶቹ መሃል ጠባብ ክፍተት፤ ጥንድ ከጥንድ ሲለይ ሰፋ ያለ ክፍተት፤ በመሃል ደግሞ ትልቁ። "አሁን አንዱን ጥግ ብቻ አስቀርተሽ ሌላውን በእጅሽ ከልዪው" አልካት። "መላው ነገር አንሶ የተቀመጠ አይመስልሽም? ከጥጉም ጥጉን ብታዪ ያው ነው።" የአንጎል ሴሎች አያያዝም ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው አልክ። ጎረቤት ከጎረቤት ተያይዞ ጎጆ ይሆናል፤ ጎጆዎች ተያይዘው መንደር፣ መንደሮች ተያይዘው አገር። በየመሃሉ ክፍተት አለ። ቀርቦ ያየውም ርቆ ያየውም የሚያገኘው መልክ ተመሳሳይ ነው።

"ክፍተቱ ምን ያደርጋል?" አለችህ።

"እኔን ቀለብ የሚሰፍርልኝ እሱ ጥያቄ ነው።"

ከዚያ ስለ ኮምፒውተርህ ነገርካት። ብዙ ነጥቦች ታስቀምጣለህ፤ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ልብ በራሱ ጊዜ ይመታል። በመሃላቸው ያለውን መስመር ትቀያይራለህ። በአንዱ አያያዝ ሁሉም ተጎታትተው አንድ ምት ይሆናሉ። በሌላው እያንዳንዱ የራሱን ይመታል። አያያዙን እንደ ስፖንጁ ክፍተት በክፍተት ስታደርገው ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ከፊሉ ተስማምቶ አብሮ ሲመታ ከፊሉ በዚያው ሰዓት በየመንገዱ ይሄዳል። ይኸው ሒሳብ ለመብራት መስመርም፣ ለልብም ይሠራል አልክ። "ደህና አንጎል ሁለቱንም ይፈልጋል። አንቺን ሲጥልሽ አብሮ የሚመታው ከልክ ያልፋል። ክፍተቱን እየዘለለ ሌላውን ይጎትታል።"

"ገባኝ" አለች አልፊያ። "ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕፃን ማልቀስ ሲጀምር አጠገቡ ያለው ይከተላል። ከዚያ ጠረጴዛው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ያን ሰዓት ስማቸውን ብጠራም የሚሰማኝ የለም።"

"እንደዚያ አድርገሽ ያዢው። ግን ልብ በዪ፣ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንቺ ውስጥ የቱ ክፍተት እንደላላ አላውቅም። እስካሁን የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።"

ረሻድ፣ ያን ቀን ወደድኩህ። ከዚያ በፊት ልጅቷን ያሳየናቸው ሰዎች ሁሉ እናውቃለን ባዮች ነበሩ። አንዱ ጂን ነው አለ፣ አንዱ ዓይነ ጥላ፣ አንዱ የሆድ ትል። ለልጄ አላውቅም ያላት የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። እሷም መደበቅ የሰለቻት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። "ይህን ያህል የተማረው እሱ አላውቅም ለማለት ካላፈረ እኔ በምኑ ነው የማፍረው?" አለችኝ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ።

እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ መጡ። ሐጂ በድሩ፣ የፈሀድ አጎትና ጎረቤታችን አቶ ያደሳ። አቶ ያደሳ ጡረታ የወጡት ሹፌር ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ ግን በዚህ ሰፈር እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና ግማሽ ነው ይባላል። ከነኢማ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነበር። በወጉ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺም እንቢም አይልም፤ "ከዘመድ እንማከር" ብሎ ይሸኛል። "ወጉ ራሱ ጊዜ ይሰጠናል" አለች ነኢማ። አልፊያም በግድ ተቀበለች፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ሁሉንም እንድነግራቸው አስምላኝ። እሷ ማዕድ ቤት ከጎረቤታችን ከእትዬ ወለተጻድቅ ጋር ትሆናለች። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም።

ሦስቱም ሳሎን ገብተው ቆሙ።

"ኧረ ተቀመጡ" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ሐጂ በድሩ።

"እኔ እንኳን ጉልበቴን ያመኛል" አሉ አቶ ያደሳ። "ተቀምጬ ብለምን ልጅቷን ትከለክሉናላችሁ?"

"ያደሳ፣ ወጉን አታበላሽ።"

"ወጉ ጉልበት የለው፣ ምን ቸገረው።"

ተሳሳቅንና ተቀመጡ። ሐጂ በድሩ ዱዓ አድርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። የፈሀድን አባት አነሱ፣ አባታችንን አነሱ፣ ሁለቱ ቤቶች በቀብርም በሰርግም እንዴት እንደተረዳዱ አነሱ። "ስለዚህ ልጃችሁን ለልጃችን..." እንዳሉ ሽታው መጣ።

ክብሪት።

ክብሪትን ከቤታችን ያስወጣኸው አንተ ነህ። አልፊያ በወደቀች ቁጥር አፍንጫዋ ሥር ክብሪት ስንጭር አንድ ቀን ከንፈሯን አቃጠልናት፤ አንተ ፓኮውን ነጥቀህ "የምትነቃው ጊዜው ሲያልፍ ነው እንጂ በጭሱ አይደለም" ብለህ ጮህክብን። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ክብሪት የለም። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው። እትዬ ወለተጻድቅ ግን ላንተ ሳይንስ እጅ አልሰጠችም። ለክፉ ቀን ብላ በመቀነቷ ቋጥራ ትዞራለች። እኛ ቤት ክብሪት ሸተተ ማለት አልፊያ ወደቀች ማለት ነው።

ደግሞም የኛ ቤት ብቻ አይደለም። በዚህ አገር በጠራራ ፀሐይ፣ እንግዳ በተቀመጠበት፣ ከጓዳ የክብሪት ሽታ ሲመጣ ትርጉሙን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ሐጂ በድሩ ንግግራቸውን አቆሙ። የፈሀድ አጎት ጫማውን ማየት ጀመረ። ሽታው እንደገና መጣ፤ ሁለተኛ ተጫረ።

ነኢማ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ ሆነ። "መብራት ጠፍቶ ነው" አለች።

ሁላችንም ወደ ጣሪያው ቀና አልን። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ዝናቡ ቤቱን ስላጨለመው ከጠዋት ጀምሮ አላጠፋነውም ነበር።

"አዎ" አሉ አቶ ያደሳ ረጋ ብለው፣ አምፖሉን እያዩ። "ዘንድሮ መብራት አስቸግሯል።"

የገደለኝ እሱ ደግነታቸው ነው። እኚህ ሰው ለኔ ሲሉ በእርጅናቸው የበራን መብራት ጠፍቷል አሉ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

"መብራት አልጠፋም" አልኩ። "ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ። ኪኒን ትወስዳለች፣ ብዙ ጊዜ ይይዝላታል፣ አንዳንዴ አይይዝላትም። ደብቀን ልንድራት አልፈለግንም፤ ለሁለተኛው ቀን ልነግራችሁ ነበር። አሁን ወድቃለች። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄን ላንሳ።"

ነኢማን ገፍቼ ወደ ማዕድ ቤት ሮጥኩ።

አልፊያ ቆማለች። እትዬ ወለተጻድቅ ከቤቷ ያመጣችው ቡታጋዝ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ምድጃችን ከሽማግሌዎቹ መምጣት ትንሽ ቀደም ብሎ ተቃጥሎ ኖሯል፤ ለእንግዶቹ ሻይ ማፍላት አቅቷቸው ነው። እትዬ ወለተጻድቅ ሦስተኛ ክብሪት ይዛ እየተራገመች ነበር።

"አባ? ምን ሆነሃል?" አለች አልፊያ።

"ወድቀሽ መስሎኝ።"

"አልወደቅኩም። ክብሪቱ እርጥበት ገብቶበት ነው።"

"ነግሬአቸዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

እትዬ ወለተጻድቅ ክብሪቱ ጣቷን እስኪያቃጥላት ይዛው ቀረች። "በስመ አብ! እኔ ልሙት፣ በእኔ ጦስ!" አለች። ነኢማ ከኋላዬ ገብታ የሽንኩርቱ ኬሻ ላይ ቁጭ አለች። "ቤቴን አፈረስከው መህዲ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አልፊያ አየችኝ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ግን ትከሻዋ ወረደ፣ ብዙ ዘመን የተሸከመችውን እንዳወረደች ሰው። እሳቱን ለኮሰች፣ ሻዩን አፈላች፣ ሻርፗን አስተካክላ ትሪውን አነሳች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለች ነኢማ። "ሽማግሌ ፊት አይወጣም!"

"እማ፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?"

ሳሎን ገባች። ሦስቱም ሻዩን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያዩት። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብርጭቆ ሰጥታ ትሪውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። "አባቴ የነገራችሁ እውነት ነው" አለች። "ዛሬ ግን አልወደቅኩም። ክብሪቱ ለሻይ ነበር።"

ከዚያ አቶ ያደሳ፣ "ልጄ፣ እኔ አውቅ ነበር" አሉ። "አየር ጤና ፌርማታ ላይ የወደቅሽ ቀን ሰው እንዳይከብሽ ስከላከል የነበርኩት እኔ ነኝ። ስትነቂ እንዳታፍሪ ብዬ ሄድኩ። ለሚስቴም አልተናገርኩም።"

ሐጂ በድሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔም ከባለቤቴ ሰምቻለሁ። እሷ ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም።"

የፈሀድ አጎት ሻዩን አስቀመጠ። "ለኔ ፈሀድ ራሱ ነው የነገረኝ። ከአልፊያ ሰምቶ። እናቴ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኛል።"

እንግዲህ ልብ በል ረሻድ። ነኢማ ይህን ሁሉ ዓመት በር ስትዘጋ ኖራለች። ሰፈሩ ግን ያውቅ ነበር። እዚህ ጥግ አንዱ ቤት ያውቃል፣ እዚያ ሌላው፤ ባልየው ለሚስቱ አልተናገረም፣ አጎት ለእህቱ አልተናገረም። ትንሽ የሚያውቅ ስብስብ፣ ክፍተት፣ ሌላ የሚያውቅ ስብስብ። ያንተ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ነገር ነው። ወሬው ክፍተቱን ያልዘለለው ሰው ደግ ስለሆነ ነው ወይስ ስለሚያፍር? አስቤ አስቤ ሁለቱንም አገኘሁት። ያም ሆነ ይህ ልጄ በዚያ ክፍተት ውስጥ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛለች።

ከአልፊያ ሻይ በኋላ ግን ክፍተቱ ተዘለለ። ሽማግሌዎቹ በወጉ "እንግዲህ ተማከሩ፣ እኛም እንማከራለን" ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ ማውራት ጀመረ። ፍራሽ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ገብቶ ጸበል ይመክረኛል። ሌላው ቁርኣን የሚቀራላት ሼህ ያውቃል። አንዷ አየር ጤና ጀርባ ሥር የሚነቅል ሰው አለ ብላ ስልኩን ልትሰጠኝ ስትፈልግ ሁለት ደንበኞቼ "እሱማ ሞተ!" "አልሞተም፣ ቤት ቀይሮ ነው!" ብለው ተጣሉ። ማንም ማንንም አይሰማም። ያን ሳምንት የወደቀው ሰፈሩ ነው እንጂ ልጄ አልነበረችም።

ሁሉም ሳቅ አይደለም። ወሬው መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄዶ አንዲት እናት ልጇን ከአልፊያ ክፍል አስወጣች። ርእሰ መምህሯ አልፊያን አላባረረቻትም፤ ግን ሕፃናቱን ብቻዋን እንዳትይዝ ረዳት መደበችላት። አልፊያ "እሱስ ትክክል ነው፣ እኔም ጠይቄ ነበር" አለች። የሄደችውን ሕፃን ግን ስሟን ሳትጠራ አትውልም።

ዙቤዳ ሱቋን ዘጋች። ሳታውቅ የቀረች እሷ ብቻ ነበረች፤ ልጇም ወንድሟም ደብቀዋታል። ፈሀድም ፊት ለፊቴ ካለው ሱቁ ጠፋ። የወረደውን መዝጊያውን እያየሁ እውል ነበር። ነኢማ አታናግረኝም። አልፊያ ስልኳን አትነካም። ልጄን እውነት ተናግሬ ብቻዋን አስቀረኋት ብዬ አሰብኩ። ብዋሽላት ኖሮ ሙሽራ ትሆን ነበር ብዬም አሰብኩ። አልደብቅህም።

ዙቤዳ የመጣችው ትናንት ነው። ለምሳ ቤት ነበርኩ። የወንዱ እናት ቃል ሳይታሰር የልጅቷን ቤት አትረግጥም፤ እሷ ግን ብቻዋን፣ ሳትልክ፣ በዝናብ መጣች። ነኢማ በሩን ከፍታ ደርቃ ቀረች።

"ግቢ እንጂ፣ ዝናብ ነው።"

"ከመግባቴ በፊት ልናገር" አለች ዙቤዳ። "ይህን ነገር አልፈለግሁትም። ልጄን ተው ብዬዋለሁ። ሱቁን ዘግቶ ቤት ሲከራከረኝ ሰነበተ፤ እንቢ አለኝ።"

"እንግዲህ ልጅሽን አልቅሰሽ ለምኚው" አለች ነኢማ፣ እንደ መቆጣት ብላ። "እኛ አልለመንናችሁም።"

"አልለመናችሁንም። ግን ስሚኝ። እኔ ስኳር አለብኝ። ሲወርድብኝ እወድቃለሁ፣ አፌ ይታሰራል። ልጄ 'አንቺን ማን ያነሳሻል?' አለኝ። አንተ አልኩት። 'ታዲያ እኔ ሰው ማንሳት የተማርኩት ከማን ነው?' አለኝ። እሱ ግን ሥራ ይውላል። እኔ ነኝ አብሬያት ቤት የምሆነው።"

"እኔም ሥራ እውላለሁ" አለች አልፊያ ከውስጥ።

"በዓል ቀን ትውያለሽ ከእኔ ጋር። አትመልሺልኝ።"

ገባች። እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልፊያ ፊት ቆመች። "ጂን ነው ይላሉ። ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ ዙቤዳ።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

አልፊያ ያንተን ነገር በራሷ አፍ ነገረቻት። አንጎል ውስጥ ሁሉም በየጎጆው፣ በየመንደሩ ሥራውን ይሠራል፤ ከፊሉ አብሮ፣ ከፊሉ ለብቻው። አንዳንድ ቀን ግን አንዱ መንደር ሌላውን ይጎትትና ሁሉም አንድ ላይ መጮህ ይጀምራሉ። "ያን ጊዜ ለኔ ለራሴ ቦታ አይኖረኝም። ሲደክማቸው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። እኔም እመለሳለሁ።"

"ማን ነው የሚመልሳቸው?"

"አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይመለሳሉ። ብዙ ከቆዩ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። እስከዚያ ግን እርስዎ እንዳልጎዳ ይጠብቁኛል።"

"አሳዪኝ" አለች ዙቤዳ።

አልፊያ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። እኔ ከሳሎን ልወጣ ነበር፤ ነኢማ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዙቤዳ በግድ ተንበረከከች፤ ከባድ ሴት ናት። የአልፊያን ሁለት እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች።

"አይያዙኝ። ይንቀጥቀጥ፣ ተዉት።"

"ምላስሽን ብትነክሺስ? ማንኪያ ላስገባ?"

"ምንም አያስገቡ። ጥርሴን ይሰብራሉ።"

"ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?" አለች ዙቤዳ ተናዳ።

"ጭንቅላቴ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። አንገቴ ላይ የጠበቀውን ያላሉ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኔ ያስተኙኝ።"

ዙቤዳ የራሷን ሻሽ ፈታ አጣጥፋ ጭንቅላቷ ሥር አደረገችላት። ፀጉሯ እንደሸበተ ያየሁት ያኔ ነው። ወዲያው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አልፊያን ለመገልበጥ ስትሞክር በተሳሳተው ትከሻ ጎተተቻት፤ "አይ፣ ወደ እርስዎ" አለቻት አልፊያ። እንደገና ሞከረች። በሁለተኛው ልክ መጣ። ልጄ በጎኗ ተኛች፣ ዓይኗን ጨፍና። የዙቤዳ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀረ።

"አሁንስ?"

"አሁን ይጠብቃሉ። በስሜ ይጥሩኝ፤ ስመለስ መጀመሪያ የምሰማው ድምፅ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዙቤዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሱቋ ውስጥ ለማንም ስትናገርበት ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣ "አልፊያ" አለች። "አልፊያዬ። እኔ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ።"

ነኢማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዙቤዳ እጇን ሳታነሳ ወደ እኛ ዞረች። "ሐጂ በድሩ እሁድ ይመለሳሉ" አለች። "ደግሞ እንማከር እንዳትሉ፤ ሽማግሌዎቹ ጉልበት የላቸውም።"

አልፊያ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። ለመነሳት አልቸኮለችም። ዙቤዳም ተነሺ አላለቻትም።

እሁድ ነገ ነው። ነኢማ ዛሬ ማለዳ ቤቱን እየጠራረገች በስልክ የምትነግርህን ብቻዋን ስታጠና ከመውጣቴ በፊት ሰምቻታለሁ። ስትደውልልህ ምንም እንዳልሰማህ ሁን። ደንግጥላት፣ ጠይቃት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታውራልህ። ይገባታል።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ሥራህንም ያቅናልህ።

ወንድምህ መህዲ
ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከፍራሽ ሱቁ